ለኮምፒውተርም ለኤችዲአር ፊልምም የሚሆን ቲቪ እንዴት ይመረጣል?

መጀመሪያ የገዛሁት ቲቪ ፊልም ሲያሳይ ያምር ነበር። ኮምፒውተሬን ስሰካበት ግን ጉዱ ወጣ። በሰማያዊ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ «ሸ» ከላይ ያለችው ሰረዝ ሟሙታ «ሰ» ይሁን «ሸ» መለየት አልቻልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስቀያይር፣ ሶፍትዌር ስጭን ዋልኩ። ችግሩ ከቲቪው ነበር፤ የመመለሻው ጊዜም አልፎ ነበር። እናንተ ላይ እንዳይደርስ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ኤችዲአር የምለው ብሩሁንና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት ነው።

1. መጀመሪያ ጠረጴዛችሁን ለኩ። 4ኬ ቲቪ ሁሉ 3840 በ2160 ፒክሰል ነው፤ ትልቅ በሆነ ቁጥር ፒክሰሉም ይሰፋል። 43 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ወደ 100 ፒክሰል ይደርሳል፣ ለጽሑፍ በቂ ነው። 55 ኢንች ላይ ወደ 80 ይወርዳል፣ ራቅ ብላችሁ ካልተቀመጣችሁ ፊደሉ ሻካራ ይሆናል። የ43 ኢንች ስክሪን ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 54 ገደማ ነው። በዚያ ልክ ካርቶን ቁረጡና ጠረጴዛው ላይ አቁማችሁ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። አንገታችሁን ቀና ካስደረጋችሁ ይበዛባችኋል ማለት ነው።

2. ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቲቪው 4:4:4 የሚባለውን ሙሉ ቀለም ያሳያል ወይ?

ፊልም ቦታ ለመቆጠብ ቀለሙ ተቀንሶ ነው የሚቀመጠው። ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ለብቻው ይመዘገባል፣ ቀለሙን ግን አራት ፒክሰሎች ይጋሩታል። ይህ 4:2:0 ይባላል። ፊት፣ ሰማይ፣ ጫካ ሲታይ ዓይናችን አይለየውም። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቲቪ የሚያምረው ለዚህ ነው፤ የሚያሳዩት ቪዲዮ ነዋ! ጽሑፍ ላይ ግን የአንድ ፊደል ሰረዝ ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ነው። ያቺ ሰረዝ ቀለሟን ከጎረቤቶቿ ጋር ስትጋራ ትደበዝዛለች። ጥቁር በነጭ ላይ ደህና መስሎ ሊያታልላችሁ ይችላል፤ የሚጋለጠው ቀይና ሰማያዊ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ፔይንት ላይ ሰማያዊ መደብ አድርጉና በቀይ ትንንሽ ፊደላት ጻፉ፤ ሰ፣ ሸ፣ ነ፣ ኘ። ስክሪኑን 4ኬ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) ላይ አድርጉ፣ ምስሉንም ሳታጎሉ 100 ፐርሰንት ላይ እዩት። ሰረዞቹ ጥርት ካላሉ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ቲቪ ሙሉ ቀለም የሚያሳየው የተሰካውን መሣሪያ «ፒሲ» ብላችሁ ስትሰይሙለት ብቻ ነው። ኬብሉ የሚሰካበትን የኤችዲኤምአይ ሶኬት ሙሉ አቅም የሚከፍት ሴቲንግም አለ፤ ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ዲፕ ከለር» ይባላል። ኮምፒውተሩም አርጂቢ፣ ማለትም ያልተቀነሰ ቀለም፣ መላኩን አረጋግጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፊደሉ አሁንም ከተንጨፈረረ ያንን ቲቪ ተዉት። ሻጩ «ቤት ስትወስዱት ይስተካከላል» ቢላችሁ አትስሙት፤ እኔን ያሉኝ እንዲሁ ነበር።

3. ካርቶኑ ላይ ያለውን የኤችዲአር ምልክት እኔ አልቆጥረውም። ቲቪው ሲግናሉን ይቀበላል ማለት እንጂ ያሳየዋል ማለት አይደለም። ጠይቁ፦ ስንት ኒት (የብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል? 300 ኒት አካባቢ ከሆነ ልዩነቱን አታዩትም። ለኔ መነሻው 600 ነው፤ 1000 ካለፈ ፀሐዩም እሳቱም በእውነት ያበራል። ሁለተኛው ጥያቄ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት በየክፍሉ ለብቻው ይደበዝዛል ወይ የሚለው ነው፤ ሎካል ዲሚንግ ይሉታል። ጨለማ ትዕይንት ላይ ነጭ ሰብታይትል አውጡና በፊደላቱ ዙሪያ ጭጋግ መሳይ ብርሃን ካለ እዩ። ከኤችዲአር ዓይነቶች ኤችዲአር10 ሁሉም ጋ አለ። ዶልቢ ቪዥን የምትፈልጉ ከሆነ ሳምሰንግ እንደማይደግፈው እወቁ።

4. ኦሌድ (ፒክሰሉ ራሱ የሚያበራ) ወይስ ኤልሲዲ (ከጀርባው መብራት ያለው)? ለፊልም ብቻ ቢሆን ኦሌድ እላለሁ፤ እያንዳንዱ ፒክሰል ለብቻው ስለሚጠፋ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲ2ን በ42 ኢንች ካወጣ ወዲህ ለጠረጴዛ የሚሆንም አለ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የሚቆም ታስክባር በጊዜ ብዛት ምልክት ሊተው ይችላል። ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሲሞላም ኦሌድ ይደበዝዛል። በቀን ስምንት ሰዓት የምትሠሩበት ከሆነ ሚኒ ኤልኢዲ፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ የጀርባ መብራቶች፣ ያለው ኤልሲዲ ይሻላችኋል። ከኤልሲዲ የስክሪን (ፓነል) ዓይነቶች ደግሞ ቪኤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ አይፒኤስ ከጎን ሲታይ ቀለሙን አይለቅም። ብቻችሁን ፊት ለፊት የምትቀመጡ ከሆነ ቪኤ ውሰዱ።

5. ሶኬትና ኬብል። ቲቪ ላይ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተር ሞኒተር ላይ ያለው ዲስፕሌይ ፖርት የለም፣ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ስለሚያሳልፍ 4ኬ 60 ሄርዝን በሙሉ ቀለም የሚችለው በ8 ቢት ነው፤ ቢቱ በበዛ ቁጥር የቀለሙ ደረጃዎች ይበዛሉ። የኤችዲአር 10 ቢት ሲጨመር ቀለሙን ሁለት ሁለት ፒክሰል ወደሚጋሩበት 4:2:2 መቀነስ ግድ ይለዋል። ከ2.0 በኋላ የመጣው 2.1 የበለጠ ያሳልፋል፤ ግን 2.1 የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ «4ኬ 120 ሄርዝ ይቀበላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኬብሉ ላይ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል ይኑርበት።

ቤት ስትገቡ ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉ፤ ከፍ ያለ ከሆነ በፊደላት ዙሪያ ነጭ ጥላ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኤችዲአሩን ሁልጊዜ አብርታችሁ አትተዉት፣ ተራው ስክሪን የገረጣ ሊመስል ይችላል። ፊልም ስትከፍቱ የዊንዶውስ ቁልፍና አልትን ይዛችሁ ቢን ተጫኑ። ሲያልቅም በዚያው ታጠፉታላችሁ።