ስሙን ማን አወጣለት? ለፊልም ገጸ ባሕርያት ስም የመምረጥ ሥራ ደረጃ በደረጃ

የፊልም ጽሑፍ ለመጀመር የተቀመጠ ሰው ብዕሩን ሲያነሳ ቀድመው የሚመጡለት ስሞች አበበ፣ ከበደና አልማዝ ናቸው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ፊደል ስንቆጥር «አበበ በሶ በላ» እያልን ያደግን በመሆናችን ስም ፈልጉ ስንባል እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። ሆኖም በእውነተኛው ኑሮ ስሙን ለራሱ የመረጠ ሰው እምብዛም የለም። ስም የሚያወጡት አባት፣ እናት፣ አያት ወይም የንስሐ አባት ሲሆኑ፣ የሚያወጡትም በአንድ በታወቀ ዓመትና በቤቱ ውስጥ በሆነ አንድ ነገር ምክንያት ነው። ስለዚህ ደራሲው «ለዚህ ሰው የቱ ስም ያምርበታል?» ብሎ ከመነሳት ይልቅ «ስሙን ማን አወጣለት? መቼ? ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ ስም ያገኛል።

አካሄዱን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ታሪኩ በ2017 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይፈጸማል እንበል። በደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ የ65 ዓመት ሰው አለ፤ 27 ዓመት የሞላት ሴት ልጁ በየማለዳው ቁልቁለቱን ወርዳ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች፤ የ19 ዓመት ወንድሟ ኮሌጅ ገብቷል፤ በመስመሩ በሚመላለሰው ሚኒባስ ላይ ደግሞ አንድ ረዳት አለ።

ደረጃ 1፦ የልደት ዓመቱንና ስም አውጪውን መጻፍ

ስም ከመፈለግ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ ሰው የልደት ዓመት ይጻፋል። ነጋዴው በ1952፣ ልጁ በ1990፣ ታናሽ ወንድሟ በ1998 ዓ.ም. ተወልደዋል ማለት ነው። ስም እንደ ልብስ ዘመን አለው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አብዮት፣ ትግልና ታገል የተባሉ ልጆች ተወልደዋል፤ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ የሚሰሙት ደግሞ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ሂክማና ሀምዛ ናቸው። በ1952 የተወለደን ነጋዴ ናትናኤል ብሎ የሚጠራ ጽሑፍ ስም አውጪዎቹ ገበሬዎች እንደነበሩ ረስቷል።

በወሎ ደግሞ ዘመኑ በስሙ ብቻ ሳይሆን በአጠራሩም ይታወቃል። ከዓረብኛ የመጡት ስሞች በአካባቢው አንደበት ተለውጠው ለብዙ ትውልድ ሲጠሩ ኖረዋል፤ ኢማም ይማም፣ ኢድሪስ እንድሪስ፣ ፋጢማ ፋጡማ ሆነዋል። የቅርቡ ትውልድ ግን ወደ ዓረብኛው አጠራር ሲጠጋ ይታያል። በመሆኑም እንድሪስ የሚባል አያትና ኢድሪስ የሚባል የልጅ ልጅ በአንድ ቤት ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም፤ በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት የግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት ነው። ይህን የመሰለውን ነገር በንግግር ለማስረዳት የሚሞክር ደራሲ አንድ ገጽ ሊያባክን ይችላል።

በዚህ መሠረት ነጋዴው ይማም ይባል። ሴት ልጁ በአባቷ እናት ስም ፋጡማ ተብላለች፤ ይሁን እንጂ የፋብሪካ መታወቂያዋ ላይ ራሷ «ፋጢማ» ብላ አስጽፋለች፣ የሥራ ጓደኞቿም ፋጤ ይሏታል። ወንድሟ ካሳው ነው። በእሱና በእህቱ መካከል ስምንት ዓመት አለ፤ በመሃሉ አንድ ልጅ ሞቶ ነበርና አያትየው ለጠፋው ልጅ ካሳ እንዲሆን ስሙን አወጡለት። ማስረሻ፣ ምትኩና ካሳ የሚባሉት ስሞች በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ሐዘን ተሸክመው ይኖራሉ። ለ19 ዓመት ወጣት ስሙ ያረጀ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ኮሌጅ ውስጥ ያፍርበት ይሆናል፣ እናቱ ግን ስሙን በጠራች ቁጥር ሌላውን ልጅ ታስታውሳለች። እነሆ ታሪኩ ሳይጀመር አንድ ትዕይንት ተገኘ።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ማወቅ

ከሌላ ከተማ መጥቶ ስለ ደሴ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ስምን የሃይማኖት መለያ ሲያደርገው ነው። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብተው፣ ተዋልደውና ተዛምደው በመኖራቸው የአንድ ሰው ስምና የአባቱ ስም ከሁለት እምነት ሲመጡ ማየት የተለመደ ነው። ካሳው፣ ሞላ ወይም ደሳለኝ የሚባል ሰው ከሁለቱም ቤት ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ከከተማዋ ታሪክ በላይ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በደሴ የአይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ፤ በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ። ልጃቸውን ከነአያቱ ብንጠራው ኢያሱ ሚካኤል አሊ ይሆናል፤ በሦስት ስም ውስጥ የአንድ አገር ታሪክ አለ።

ስለዚህ ደራሲው የገጸ ባሕርይውን እምነት ተመልካች እንዲያውቅ ከፈለገ በድርጊት፣ በአለባበስ ወይም በሰላምታ ያሳይ። ለክፉው ሰው ስም ሲመርጥ ደግሞ አንድን ብሔር ወይም አንድን እምነት ብቻ የሚጠቁም ስም እየደጋገመ አለመስጠቱን ዝርዝሩን ዘርግቶ ይመልከት። ይህ ሳይታሰብ የሚፈጸም ስሕተት ነው፤ ተመልካች ግን ሳይታሰብ መፈጸሙን አያውቅም።

ደረጃ 3፦ የአባት ስም

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በተግባር ግን የምንኖረው በራስ ስምና በአባት ስም ነው። ሴትም ስታገባ ስሟ አይለወጥም። ይህ ለፊልም ጸሐፊ ጠቃሚ ነው፤ የአባት ስም በፊልም የሚሰማው ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ባንክ ወይም ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ብቻ ስለሆነ፣ በሰማንበት ቅጽበት ሰውየው ከቤት ወጥቶ በመንግሥት ወይም በመሥሪያ ቤት ፊት መቆሙን እንረዳለን።

ከዚህ ጋር የሚመጣውን አደጋ በራሴ ላይ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ በጻፍኩት የውርስ ክርክር ላይ የወንድምየውን የአባት ስም በሦስተኛው ረቂቅ ቀይሬ የእህትየውን ረሳሁት። በጋራ ንባቡ ወቅት ዳኛው ሁለቱን በሙሉ ስም ሲጠራቸው አንዷ ተዋናይት ቀና ብላ «ለካ በእናት ብቻ ነው የሚገናኙት!» አለች። ያላሰብኩት ምስጢር በአንድ ቃል ተፈጠረ። ከዚያ ወዲህ ለዋና ዋናዎቹ ሰዎች እስከ አያት ያለውን ስም በአንድ ገጽ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ እለጥፋለሁ።

ደረጃ 4፦ ስሙ በወረቀት ላይ እንዴት ይታያል?

የፊልም ጽሑፍ በቅድሚያ የሚነበብ ነገር ነው። ዳይሬክተሩና ተዋናዩ ገጹን በፍጥነት ሲያገላብጡ ስሙን ፊደል በፊደል አያነቡትም፤ የመጀመሪያውን ፊደልና የቃሉን ቅርጽ አይተው ያልፋሉ። በአማርኛ ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ እጅግ ብዙ ስሞች በ«አ» ይጀምራሉ፣ ብዙዎቹም አንድ ዓይነት ምት አላቸው። አበበ፣ ከበደ፣ በቀለና ደመቀ በአንድ ትዕይንት ቢነጋገሩ ዓይንም ጆሮም ይደናገራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የፊደል ገበታውን በግራ በኩል ወደታች ጽፎ እያንዳንዱን ስም በመነሻ ፊደሉ ፊት ማስቀመጥ፣ ሁለት ዋና ሰዎች አንድ ረድፍ ላይ ከወደቁ አንደኛውን መለወጥ። በእኛ ምሳሌ ይማም፣ ፋጡማና ካሳው በመነሻ ፊደላቸው ተለያይተዋል።

ሌላው ችግር ከቋንቋችን ጠባይ የሚመጣ ነው። ብዙዎቹ ስሞቻችን የዘወትር ቃላት፣ አንዳንዶቹም ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ስምን ከሌላ ቃል የሚለይበት ትልቅ ፊደል የለውም። በድርጊት መግለጫው ላይ «ፀሐይ ወጣች» ተብሎ ቢጻፍ ሴትዮዋ ከቤት ወጣች ወይስ ነጋ? የካሜራ ባለሙያው ማለዳ 12 ሰዓት ጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ ሊጠብቅ ነው። «ከሩቅ ትዝታ ይሰማል» የሚለው ዓረፍተ ነገርማ በወሎ ምድር ጨርሶ መከራ ነው፤ ልጅቱ እየተጣራች ይሁን ወይስ ቅኝቱ እየተደረደረ የድምፅ ባለሙያው አያውቅም። ደስታ፣ በላይ፣ ሰላምና ተስፋ በዚሁ መዝገብ ይገባሉ። እንዲህ ያለውን ስም መተው ካልተፈለገ ስሙ በመጣ ቁጥር በደማቅ ፊደል መጻፍ ወይም ከሥሩ ማስመር ያስፈልጋል።

አጻጻፉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ መሆን አለበት። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለጆሮ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰዎች ስለሆኑ የእያንዳንዱን ተዋናይ ትዕይንቶች ለመቁጠር በሚፈለግበት ጊዜ ኃይሉ ግማሹን ሥራውን ያጣል።

ደረጃ 5፦ ማን ምን ብሎ ይጠራዋል?

ስም ተመርጦ ካለቀ በኋላ ያለው ሥራ ከምርጫው የማይተናነስ ሆኖ ሳለ ብዙ ጸሐፊዎች ይዘሉታል። በእኛ አገር ታላቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። ይማምን ልጆቹ አባባ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ጋሽ ይማም፣ መካ ደርሶ ተመልሶ ከሆነ ገበያተኛው ሁሉ ሀጂ ይለዋል። ይህ ማለት ተመልካች ግማሽ ፊልም እስኪሄድ ድረስ ባዶውን ስም ላይሰማ ይችላል። ጸሐፊው ይህን ሊጠቀምበት ይገባል፤ ለዓመታት ጋሼ ሲለው የነበረ አበዳሪ አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ይማም!» ቢለው፣ ዝምድናው መቆረጡን ለመግለጽ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

በአንጻሩ ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በየዓረፍተ ነገሩ ስም እየተጠራሩ አያወሩም፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ይበቃል። ስሙን ለተመልካች ማስተዋወቅ ያለበት ጸሐፊ ከሩቅ የሚጣራ ሰው፣ ስልክ ወይም የፋብሪካ ተቆጣጣሪ የስም ጥሪ ይፈልግ። አንድ ሰው በቤት ስሙ፣ በመታወቂያ ስሙና በክርስትና ስሙ የሚጠራ ከሆነም፣ ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ተመልካች የሚያውቅበት አንድ ቦታ መኖር አለበት። በጽሑፉ ላይ ግን ከንግግሩ በላይ የሚቀመጠው መለያ ሌሎች ምንም ብለው ቢጠሩት አይለዋወጥም፦ ፋጡማ ሁልጊዜ ፋጡማ ናት።

የሚኒባሱ ረዳት መጠሪያ ስም አያስፈልገውም። መናኸሪያ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነውና ጩጬ ብንለው ይበቃል፤ በቁመቱ ምክንያት መሆኑን ዓይን ይናገራል። አንድ ቃል ተናግረው የሚያልፉ ሰዎች ሻይ ሻጭ፣ ፖሊስ፣ ተሳፋሪ ተብለው ይቅሩ፤ ስም የተሰጠውን ሰው አንባቢ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 6፦ በሕይወት ያለ ሰው እንዳይነካ ማጣራት

ደሴን በመሰለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ሙሉ ስም፣ ሰፈርና ሙያ ሲገጣጠሙ አንድ እውነተኛ ሰው ላይ መውደቃቸው አይቀርም። እኔ አንድ ጊዜ ሚዛን የሚያጭበረብር እህል ነጋዴ ጽፌ ስሙን ከነአባቱ ከራሴ አወጣሁ ብዬ ነበር፤ ረቂቁን ያነበቡ አንድ አዛውንት «ይህማ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ሰው ነው» አሉኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2044 ጀምሮ ስለ ስም ማጥፋት ሲደነግግ የመጉዳት ሐሳብ አልነበረኝም ማለት ብቻውን እንደማያድን ያመለክታል። ስለዚህ ጥፋት ለሚፈጽመው ገጸ ባሕርይ የአባት ስም አለመስጠት፣ ከተሰጠም የከተማውን ሰው በሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ማስነበብ ይገባል።

ከዚያ ተዋናዮቹ ወይም ጓደኞች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያንብቡት። አንባቢ ሁለት ጊዜ የተደናቀፈበት ስም ይለወጣል፤ ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ መለወጥ ድምፅ እንደገና መቅዳትን ስለሚጠይቅ ጊዜው አሁን ነው። ለውጡን ግን በኮምፒዩተሩ «ፈልግና ተካ» ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ ማድረግ አይመከርም። እኔ ሞላ የሚባለውን ሰው ጌታቸው አድርጌ ሳበቃ፣ ቧንቧው ሥር ውኃ በሚቀዳበት ትዕይንት «ባልዲው ጌታቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቀርቶ ተገኝቷል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታ በዓይን እያዩ አንድ በአንድ መቀየር ይሻላል።