ደብረ ማርቆስ ከተማን ማየት ለምትፈልጉ፣ በአባይ በረሃ በኩል እንዲህ ሂዱ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በሌሊት ተነሱ፣ ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ በረሃው ውስጥ ስትገቡ ፀሐይዋ ሳትጠነክር ብትሻገሩ ይሻላል ምክንያቱም መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ሌላ ነው። ውሃ በደንብ ያዙ፣ መኪና የሚያስመልሰው ሰው መስኮት ጋ ይቀመጥ። ድልድዩን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ። ደጀን ከወጣችሁ በኋላ ደሞ ብርድ ነው፣ ጋቢ ወይ ጃኬት አትርሱ።

ማርቆስ ስትደርሱ በባጃጅ መጀመሪያ ቅዱስ ማርቆስ ቤተክርስቲያን ሂዱ፣ ከተማው ድሮ መንቆረር ነበር ሚባለው፣ ያሁኑን ስም ያገኘው ከዚሁ ደብር ነው። ከዛ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተመንግሥት እዩ። እሳቸው ራስ አዳል ይባሉ ነበር፣ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሧቸው መናገሻቸው እዚህ ሆነ፣ በ1874 እምባቦ ጦርነት ላይ ያኔ የሸዋ ንጉሥ በነበሩት በምኒልክ ተሸነፉ። ይሄን ሳያውቁ ሄደው አሮጌ ግንብ ነው ብለው የሚያልፉ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል። አካባቢው ላይ ሽማግሌ ካገኛችሁ አባባ ብላችሁ ቁጭ በሉና አስወሩ፣ ለሱ ግማሽ ቀን ያዙለት።