ዘመዳችሁ ከእስር ሊወጣ ነው? ሜዲኬይዱን ሳይወጣ ጨርሱለት

አሜሪካ ውስጥ የታሰረ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ያላችሁ፣ የመውጫው ቀንም የቀረበላችሁ፣ ይህን አንብቡ። ቤተሰብ ብዙ ነገር ያዘጋጃል። መኝታ ይነጠፋል፣ ልብስ ይገዛል፣ ስልክ ይወጣል፣ ዶሮ ይሠራል። የጤና ኢንሹራንሱ፣ ማለት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ግን "ከወጣ በኋላ ይደርሳል" ተብሎ ይተዋል። እሱ ነው መቅደም ያለበት።

በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ከዋሽንግተን ስቴት እስር ቤቶች የተፈቱ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ገዳይ ኦቨርዶዝ (ከመጠን በላይ ዕፅ መውሰድ) ነው። ሰውነት እስር ቤት ውስጥ ዕፁን መሸከም ይረሳል፣ ሰውየው ወጥቶ የድሮውን ያህል ሲወስድ ያው መጠን ይገድለዋል። የልብ ሕመምና ራስን ማጥፋትም አሉበት። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የግፊት ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ያለው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ውስጥ ሲሰጠው የነበረው በር ላይ ከተቋረጠ ካርድ እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም።

መጀመሪያ ሕጉን እንረዳው። ከ1965 ጀምሮ ሜዲኬይድ እስር ቤት ላለ ሰው ሕክምና አይከፍልም፤ በዋናነት የሚከፍለው ውጭ ሆስፒታል ተኝቶ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከታከመ ነው (ሌላውን ልዩ ሁኔታ ታች እጠቅሳለሁ)። ብዙ ሰው ይህን ይሰማና "እንግዲያው እስኪወጣ ማመልከት አይቻልም" ብሎ ይቀመጣል። ይቻላል! ውስጥ ሆኖ አመልክቶ፣ ተፈቅዶለት፣ በወጣበት ቀን ሥራ ላይ እንዲውል ማድረግ ይቻላል። ከመታሰሩ በፊት ሜዲኬይድ ከነበረው ደግሞ ላይሰረዝ፣ ታግዶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ስቴቶች በመታሰሩ ምክንያት እንዳይሰርዙበት፣ እንዲያግዱት ብቻ በፌዴራል ሕግ ታዘዋል። ስለዚህ ለስቴቱ የሜዲኬይድ ቢሮ ስትደውሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ፋይሉ ታግዷል ወይስ ተዘግቷል?" ይሁን። ከታገደ የሚፈለገው ማስከፈት ነው፣ ከተዘጋ ግን እንደ አዲስ ማመልከት።

መቼ ልጀምር ላላችሁ፣ ቢሮው ማመልከቻ ለመወሰን እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። በአካል ጉዳት ምክንያት የሚጠየቅ ከሆነ እስከ 90 ቀን። እኔ የምለው፣ መውጫው ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩ፣ የአካል ጉዳት ካለ አራት ወር ሲቀረው። ካውንቲ ጄል ውስጥ ያለ ሰው ግን መቼ እንደሚወጣ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፣ ዳኛው ዛሬ ሊለቀው ይችላል፣ ስለዚህ ለእሱ አሁኑኑ።

ሥራው የሚጀምረው ውስጥ ካለው ኬዝ ማናጀር (የእስረኛውን ጉዳይ ከሚከታተለው ሠራተኛ) ነው። አንዳንድ እስር ቤት የመልቀቂያ ዝግጅት የሚሠራ ሰው አለው፣ አንዳንዱ ጋ ማንም ሳይጠይቀው ሰውየውን በር ላይ ያወጡታል። ዘመዳችሁ ራሱ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ንገሩት፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ነገር መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሻላል። እናንተ ደግሞ ሁለት ፊርማ አስፈርሙት። አንደኛው ሜዲኬይድ ጋ እናንተ ወኪሉ ሆናችሁ እንድታነጋግሩለት የሚፈቅድ ፎርም ነው። ሁለተኛው የእስር ቤቱ ክሊኒክ የሕክምና መረጃውን ለእናንተ እንዲሰጥ የሚፈቅድ። እነዚህ ከሌሉ የትኛውም ቢሮ "ግላዊ መረጃ ነው" ብሎ ይመልሳችኋል፣ እናቱም ብትሆኑ። ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ስቴቱ የታሰሩ ሰዎችን ማመልከቻ ብቻ የሚያይ ክፍል አለው፣ ካቨር ቨርጂኒያ (Cover Virginia) በሚባለው የስልክ አገልግሎት በኩል ይገኛል።

አሁን በእኛ ሰው ዘንድ በጣም የሚያሳስተው ነገር። "እኔ ቤት ሊያርፍ ነው፣ የኔ ደመወዝ ያበላሽበታል" ይባላል። አያበላሽም። ሜዲኬይድ ቤተሰብ የሚቆጥረው በአንድ ጣሪያ ሥር ማን ይኖራል ብሎ ሳይሆን በታክስ አመዘጋገብ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚቆጠረው የራሱ፣ ካገባ የሚስቱ ወይም የባሏ ገቢ ነው። የወንድም፣ የአክስት፣ የጓደኛ ገቢ አይገባም። ወላጅ በታክስ ላይ ጥገኛዬ ነው ብሎ ካስመዘገበው ግን የወላጁ ገቢ ይቆጠራል፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሜዲኬይድን ባስፋፉት፣ ማለት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አዋቂ ሁሉ በከፈቱት ስቴቶች በ2025 የአንድ ሰው ጣሪያ በዓመት 21,597 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ገና የተፈታ ሥራ የሌለው ሰው ከዚህ በታች ነው። አድራሻም ሰበብ አይሆንም፤ የእናንተን ቤት ለፖስታ ብቻ መስጠት ይቻላል፣ መኖሪያ የሌለው ሰውም ማመልከት ይችላል።

ፓሮል ላይ ያለ፣ ፕሮቤሽን ላይ ያለ፣ ቤቱ ሆኖ እግሩ ላይ መከታተያ የታሰረለት ሰው ለሜዲኬይድ እንደ እስረኛ አይቆጠርም። ሃፍዌይ ሃውስ (ከእስር ወደ ነፃ ኑሮ መሸጋገሪያ ቤት) ያለም ወጥቶ ሥራ መሥራትና ሐኪም ቤት መሄድ የሚፈቀድለት ከሆነ እንዲሁ። ቢሮው ከተሳሳተ በትሕትና ግን በጥብቅ አርሙት።

ሳይወጣ ጭምር ሕክምና የሚጀምርባቸው ቦታዎችም አሉ። ካሊፎርኒያ በ2023 የመጀመሪያውን ፈቃድ አግኝታ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከመውጫው በፊት ባሉት 90 ቀናት የተወሰነ አገልግሎት በሜዲኬይድ መክፈል ጀምራለች፣ እስር ቤቶቹ ግን የሚገቡት በየተራ ነው። ዋሽንግተን ስቴትና ሌሎችም ተከትለዋል። ይህ ፕሮግራም ባለበት ቦታ ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠበቃል፤ ጉዳዩን የሚከታተል ሰው፣ የሱስ ሕክምና ከነመድኃኒቱ፣ ሲወጣ በእጁ የሚያዝ የ30 ቀን መድኃኒት። ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነና ፍርድ ላገኘ ልጅ ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከመውጫው በፊት ባሉት 30 ቀናት ምርመራ እንዲደረግለት የፌዴራል ሕግ ያዛል። "ይህ እስር ቤት ጀምሯል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ፕሮግራሙ ኖረም አልኖረም መድኃኒቱን አትርሱ። ሲወጣ በእጁ ስንት ቀን የሚበቃ እንደሚሰጡት፣ ለቀሪው የሐኪም ማዘዣ እንደሚጻፍለት፣ የሕክምና ፋይሉ ቅጂ እንደሚሰጠው ቀድማችሁ አረጋግጡ። በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ይኑረው። የሱስ ታሪክ ካለው ናርካን የሚባለውን፣ ኦቨርዶዝ የሚቀለብሰውን የአፍንጫ መርጫ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። "እሱ ትቶታል" ብላችሁ አትተውት። ቢተወውም ቤት ውስጥ ይኑር።

ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ስቴቶች ሜዲኬይዱን አላስፋፉም። ዳላስ፣ ሂውስተን፣ አትላንታ ያላችሁ፣ ልጅ የማያሳድግና አካል ጉዳት የሌለው ወጣት ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። ከእስር መውጣት ግን በማርኬትፕሌስ (መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ) ኢንሹራንስ ለመግዛት የ60 ቀን ልዩ ጊዜ ይሰጣል፤ ቀኑ ካለፈ እስከሚቀጥለው ምዝገባ መጠበቅ ነው። ገቢው በጣም ዝቅተኛ ከሆነ የመንግሥት የክፍያ ድጎማው ላይገኝ ስለሚችል የሰፈሩን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ፈልጉ፣ ክፍያው እንደ አቅም ነው። 65 ዓመት ለሞላው ደግሞ ታስሮ እያለ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ክፍል ቢ፣ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው፣ ካመለጠው ከወጣ በኋላ ለመመዝገብ 12 ወር አለው።

የኢሚግሬሽን ወረቀት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው አብዛኛው አዋቂ አምስት ዓመት መሙላት ይጠበቅበታል። ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች እስካሁን ይህ አይመለከታቸውም ነበር፣ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ግሪን ካርድ ያልያዙትን ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከሜዲኬይድ ያወጣቸዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው በወንጀል ከተፈረደበት ከእስር ቤቱ በር በቀጥታ ኢሚግሬሽን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የኖታሪዮ (ጠበቃ ሳይሆን ፎርም የሚሞላ ሰው) ወይም የሰፈር አዋቂ ምክር አይበቃም።

ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ደግሞ በማስፋፊያው የሚገቡ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት ሥራ፣ ትምህርት ወይም በጎ ፈቃድ ማሳየት አለባቸው። ከእስር የወጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነፃ ነው። መውጫ ወረቀቱን አስቀምጡ፣ ማስረጃው እሱ ነው።

እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ የሜዲኬይድ ቢሮ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። "አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር" ብቻ በሉና መስመር ላይ ጠብቁ። ዲሲ ውስጥማ ከ2004 ጀምሮ የራሱ የቋንቋ ሕግ አለ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ የአጎታቸውን የሕክምና ምስጢር መስማት የለባቸውም።

በወጣበት ዕለት፣ ድግሱ ሳይጀመር፣ የመልቀቂያ ወረቀቱን ይዛችሁ ለቢሮው ደውሉና እገዳው እንዲነሳ አድርጉ። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ቁጥሩን በስልክ ጠይቁ፣ ፋርማሲው በቁጥሩ ማረጋገጥ ይችላል። "አልተፈቀደም" የሚል ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ ማለት መብት ነው፣ የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ።