የቀዘቀዘ ናሙና መንገድ ላይ ሲበላሽ

ግሪድ (ናሙና የሚቀመጥባት ትንሽ የብረት ወንፊት) ላይ ያቀዘቀዛችኋቸው ሴሎች፣ የሚያበሩ ሴሎችን በሚያሳየው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምንም ችግር አልነበራቸውም። የቀዘቀዘ ናሙናን በኤሌክትሮን ጨረር ወደሚያሳየው ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዛውሯቸው ግን ጉድ ፈላ። መሣሪያውን ከመጠርጠራችሁ በፊት መሃል ላይ ያለፉትን ጥቂት ሰከንዶች አስቡ።

ምስሉ ላይ ጥቋቁር እብጠቶች በዝተዋል?

የአየር እርጥበት ነው። በረዶ ሆኖ ናሙናውን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይንሳፈፍና ግሪዱ ላይ ይለጠፋል። የናይትሮጅኑን ዕቃ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ንጹሕ ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ወተት ጠብ ያለበት ከመሰለ በረዶ ገብቶበታል። አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ አስወግዱት፣ ዕቃውን አድርቁና አዲስ ቅዱ።

ዋናው ጥፋተኛ ግን ወረንጦው ነው። ከናይትሮጅን በወጣ በሰከንዶች ውስጥ ነጭ አመዳይ ይለብሳል። እንደዚያው መልሳችሁ ከነከራችሁት በረዶውን በገዛ እጃችሁ አስገባችሁት። በፀጉር ማድረቂያ አድርቁት። እኔ ሦስት ወረንጦ አሰልፌ ነው የምሠራው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። ማስክም አድርጉ፤ ትንፋሻችሁ ራሱ እርጥበት ነው።

ዲፍራክሽን (ኤሌክትሮኖቹ ናሙናው ውስጥ ሲበተኑ የሚሠሩት ቅርጽ) ላይ ብዥ ያለው ክብ ጠፍቶ ስል ነጠብጣብ ወይም ቀለበት መጣ?

የናሙናው የራሱ በረዶ ክሪስታል ሠርቷል። ብርጭቆ መሰል ሆኖ የሚቆየው በግምት ከዜሮ በታች 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በቀዘቀዘ ሙቀት ነው። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ስለሆነ 60 ዲግሪ ያህል ትርፍ ያለ ይመስላል። አትመኑት። ግሪዷ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ስስ ብረት ናት፤ ያልቀዘቀዘ ወረንጦ ከነካት አለቀላት። ወረንጦውን ነክራችሁ መንጨርጨሩ እስኪቆም ጠብቁ።

የተበላሸው ግሪድ አይድንም፤ ጣሉት። ጥፋቱ የዝውውሩ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን በዚያው ቀን የቀዘቀዘ ሌላ ግሪድ ውሰዱ። ፍሎረሰንሱን ዝለሉና በቀጥታ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ውስጥ እዩት። እሱም ክሪስታል ካለው ዝውውሩን በከንቱ ስታሙት ነበር። ግሪዱ መጀመሪያ በሚቀዘቅዝበት ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ ከመነከሩ በፊት ውሃው በደንብ አልተመጠጠ ይሆናል።

ምስሉ ይንሸራተታል? ማይክሮስኮፑ ውስጥ ግሪዱን የሚይዘው ሆልደር ገና አልረጋም። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡት።

የሚያበራው ሴል ጠፋ? ግሪዱ ዞሮ ወይም ተገልብጦ ይሆናል። ፊደል የታተመበት ግሪድ ተጠቀሙ፤ ፍሎረሰንሱ ላይ ፎቶ ስታነሡም ፊደሉ ከሴሉ ጋር አብሮ ይግባ።