የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት እንዴት ይጸዳል?

ጥላሸት ብቻውን ያበላሸው ድምፅ ማፈኛ እምብዛም አያጋጥምም። ጽዳት ያበላሸው ግን በሽ ነው። አሉሚኒየሙን ፈሳሽ የበላው አለ። በመፍቻ ሲታገሉት ቱቦው የተጨራመተ አለ። ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ የገባበትም አለ። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ይታወቅ፦ መጽዳት ያስፈልገዋል ወይ፣ ከምን ተሠራ፣ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ድምፅ ማፈኛ በአንዳንድ አገር እንደ ተራ የአደን ዕቃ ይሸጣል። በሌላው በልዩ ፈቃድ ብቻ ይያዛል። ጭራሽ የተከለከለበትም አለ። እዚህ የማወራው በሕግ ለያዘው ሰው ነው። የተበየደውን ቆርጦ መክፈት፣ ቀዳዳ ማስፋት፣ የውስጥ ክፍሉን በሌላ መተካት ጽዳት አይባልም። በሕግ ያስጠይቃል፣ ለተኳሹም አደገኛ ነው።

ውስጡ ምን ይጠራቀማል?

ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ትኩስ ጋዝ ይከተለዋል። ማፈኛው ውስጥ ተራ በተራ የተደረደሩ ባለ ቀዳዳ ክፍልፋዮች አሉ፤ ባፍል ይባላሉ። ጋዙ እነሱ ላይ እየተጋጨ ፍጥነቱም ሙቀቱም ይቀንሳል። ተሸክሞት የመጣውንም እዚያው ያራግፋል፦ የባሩድ ጥላሸት፣ ከጥይቱ ልባስ የተፋቀ መዳብ፣ እርሳስ።

እርሳሱ ላይ ቆም እንበል። «እኔ የምተኩሰው መዳብ የለበሰ ጥይት ነው» ብሎ የሚዝናና ብዙ ነው። ግን በአብዛኛው ጥይት ላይ ቀለሁ ቂጥ ያለችው መለኮሻ ራሷ የእርሳስ ውህድ አለባት። ከማፈኛ የሚወጣ ጥቁር ዱቄት ሁሉ እርሳስ አለው ብላችሁ ያዙት። ጓንትና መነፅር አድርጉ። አየር የሚንሸራሸርበት ቦታ ሥሩ። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሞከርም። ደረቁን መፈግፈግም አይገባም፤ ብናኙ ተነስቶ ሳንባ ይገባል። ሁሌም አርጥባችሁ ነው የምትሠሩት።

መጽዳት አለበት ወይ?

እዚህ ላይ ትንሿ ባለ 22 ካሊበር ጥይት እና ትልቁ የጠመንጃ ጥይት መንገዳቸው ይለያያል።

የ22ቷ ጥይት ብዙ ጊዜ ልባስ የሌላት እርሳስ ናት። ግፊቷም ዝቅተኛ ነው። ጋዙ ቆሻሻውን ገፍቶ የማስወጣት አቅም የለውም፤ ስለዚህ እርሳሱ ባፍሎቹ ላይ እየተደራረበ ይጠነክራል። ከ300 እስከ 500 ጥይት ባለው ውስጥ ከፍቶ ማጽዳት የተለመደ ነው። ለዚህች ጥይት የሚሠሩ ማፈኛዎች በአብዛኛው የሚፈታቱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደ 5.56 ወይም 7.62 ሚሊሜትር ያለው ከፍተኛ ግፊት ያለው ጥይት ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ ጋዙ የላላውን ጥላሸት እየጠረገ ያስወጣል። ብዙ አምራቾችም የተበየደ የጠመንጃ ማፈኛቸው መደበኛ የውስጥ ጽዳት እንደማያስፈልገው ይናገራሉ። የሚታመነው መለኪያ የግራም ሚዛን ነው። ማፈኛው አዲስ እያለ መዝኑትና ጻፉት። ከዚያ አልፎ አልፎ መዝኑ። ክብደቱ ብዙ ካልጨመረ ተዉት። እየጨመረ ከሄደ፣ ሲነቀነቅ ፍርፋሪ የሚያንኳኳ ከሆነ፣ ወይም በባትሪ ሲታይ ጥላሸቱ ወደ ጥይቱ መተላለፊያ ከቀረበ ያኔ ሥራ አለ።

አጭር በርሜል ባለው ጠመንጃ ላይ ማፈኛው ቶሎ ይቆሽሻል። ባሩዱ በርሜሉ ውስጥ ተቃጥሎ ሳያልቅ ስለሚወጣ ነው።

አንደኛ፦ መፍታት

ካዝናውን አውጡ። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ቀጥሎ የማፈኛው ሙቀት አለ። በተከታታይ ብዙ ጥይት ከተተኮሰ ማፈኛው ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

እዚህ አንድ ጣጣ አለ። ጥላሸት ማፈኛውና አፈሙዙ በሚገናኙበት ቦታ ሲጋገር ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ ይብስበታል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተኳሾች ከተኩስ በኋላ፣ ገና ለብ እንዳለ፣ ሙቀት በሚችል ጓንት ላላ የሚያደርጉት።

ችክ ካለ አትታገሉት። ዝገት የሚያስለቅቅ ዘይት መገጣጠሚያው ላይ አንጠባጥቡና አሳድሩት። ሞርሳ የምትጠቀሙ ከሆነ የሚታሰረው በርሜሉ ነው፣ ያውም በመከላከያ ተጠቅልሎ። የማፈኛውን ስስ ቱቦ በሞርሳ ወይም በቧንቧ መፍቻ መያዝ ማለት መጨፍለቅ ማለት ነው። አምራቹ መፍቻ የሚገባበት ጠርዝ ካበጀለት በእሱ ብቻ ተጠቀሙ። ስታዞሩም የሚዞረው ማፈኛው ይሁን ወይስ ከሥሩ ያለው መያዣ በደንብ እዩ።

ሁለተኛ፦ ብረቱን መለየት

መመሪያው ላይ የተሠራበት ነገር ተጽፏል። የማይዝግ ብረት እና ኢንኮኔል (ሙቀት የሚችል የኒኬል ቅይጥ) ብዙ ነገር ይችላሉ። ቲታኒየምም ጠንካራ ነው። አሉሚኒየም ግን ስስ ነው። አሲድም ሆነ እንደ ምድጃ ማጽጃ ያለ ጠንካራ አልካሊ ይበላዋል። በረኪና ለየትኛውም አይሆንም፤ ማይዝግ የተባለውን ብረት እንኳ ይቦረቡረዋል። አንዳንድ ማፈኛ ደግሞ ከአንድ በላይ ብረት የተሠራ ነው፤ ቱቦው ቲታኒየም ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለደካማው የሚሆነውን ፈሳሽ ምረጡ።

ሦስተኛ ሀ፦ የሚፈታታ ከሆነ

ስታወጡ ባፍሎቹን በወጡበት ተራና አቅጣጫ ደርድሯቸው፣ ፎቶም አንሱ። ለአፈሙዙ የሚቀርበው የመጀመሪያው ባፍል ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ቦታው ከተቀያየረ ችግር ነው።

ባፍሎቹን የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ወይም ቀጭን ዘይት ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፉና አሳድሩ። ጊዜ ከጉልበት ይሻላል። በማግስቱ ለብረት የነሐስ ብሩሽ፣ ለአሉሚኒየም የናይለን ብሩሽ ተጠቀሙ። የተጋገረውን እርሳስ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ማንሳት ይቻላል። በካቻቢቴ ጫፍ የሚፍቅ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ባፍሉ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ጭረት ዋጋ ያስከፍላል። ያ ጠርዝ ጥይቱ በቅርብ ርቀት የሚያልፍበት ነው።

መስታወት እስኪመስል ድረስ መፈተግ ትርፍ ድካም ነው። ባፍሎቹ በቀላሉ ገብተው ከወጡ፣ የመጠምዘዣ ጥርሶቹም ንጹህ ከሆኑ ይበቃል። የ22 ማፈኛ ከሆነ፣ መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ስስ የሲሊኮን ዘይት ቀቧቸው። ቀጣዩ ቆሻሻ ቶሎ ይለቃል።

ሦስተኛ ለ፦ የተበየደ ከሆነ

አንዱን ጫፍ በጎማ ውታፍ ዝጉት። አምራቹ የሚፈቅደውን ጥላሸት ማስለቀቂያ ሙሉበትና አቁማችሁ አንድ ቀን ያህል ተዉት። ሲደፋ ጥቁር ፈሳሽ ከነፍርፋሪው ይወጣል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እያንቀጨቀጫችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። እንደገና መዝኑ። ለውጥ ካለ ድገሙት፤ ከሌለ አቁሙ። ከተበየደ ማፈኛ ጥላሸቱን ሙጥጥ አድርጎ ማውጣት አይቻልም፣ አያስፈልግምም።

አልትራሶኒክ ማጠቢያ (ፈሳሽን በድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ የሚያጸዳ ዕቃ) ካላችሁ ለብረትና ለቲታኒየም ጥሩ ነው። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃና ለዚሁ በተሠራ ሳሙና፣ እየገለበጣችሁ። ቤንዚንም ሆነ ሌላ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በፍጹም አይገባበትም። አሉሚኒየምን ረጅም ጊዜ ከቆየበት ሊቦረቡረው ይችላል። የውጭ ቀለምንም ያደበዝዛል።

ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አትቀላቅሉ

ይህ «ዘዴ» በየቦታው ይነገራል። እውነት ነው፣ እርሳሱን ያሟሟል። ችግሩ ምን አድርጎ እንደሚያሟሟው ነው። የሚወጣው እርሳስ አሲቴት ነው። ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ሰውነት ለመግባት ይቀለዋል። በቆዳ በኩልም ሊገባ ይችላል። ጠጣሩ እርሳስ በጓንት ተይዞ ይጣላል፤ ይሄኛው ግን ከፈሰሰ መሬትም ውሃም ይበክላል። አሉሚኒየምንም ያጠቃል። በዚያ ላይ ጥላሸቱን እምብዛም አይነካውም። እኔ ይህን ለማድረግ ምንም ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛ፦ መገጣጠሚያው

ብዙ ሰው ውስጡን ሲፈትግ ውሎ ይህን ይረሳል። የማፈኛው ጥርስና አፈሙዙ ላይ የሚያርፍበት ትከሻ ከሁሉም በላይ ንጹህ መሆን አለባቸው። እዚያ ላይ የቀረ ቅንጣት ጥላሸት ማፈኛውን በትንሹ ያዘነብለዋል። አፈሙዙ ጋ ኢምንት የሆነው ዝንባሌ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥይቱ ባፍል እንዲመታ ይበቃል። የማፈኛው መጨረሻ ያኔ ነው።

በነሐስ ብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ ሁለቱንም ወገን ጥረጉ፣ በጨርቅ አድርቁ። አምራቹ ከፈቀደ ጥርሱ ላይ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የመጣበቅ መከላከያ ቅባት በስሱ ቀቡ። ትከሻው ግን ደረቅ ይሁን።

አምስተኛ፦ ማድረቅና መፈተሽ

ማፈኛው ውስጥ ፈሳሽ ቀርቶ በጠመንጃ ጥይት መተኮስ አደገኛ ነው፤ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። አቁማችሁ፣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ሆኖ፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን አድርቁት። ምግብ የሚጋገርበት ምድጃ ውስጥ አታስገቡት፤ እርሳሱን አስታውሱ። አየር የምትነፉበት ከሆነ ውጭ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ።

በባትሪ ውስጡን ተመልከቱ። በተለይ የመጀመሪያው ባፍል ላይ ስንጥቅ ወይም የተበላ ጠርዝ ካለ አምራቹ ሳያየው አይተኮስበትም። ከዚያ ግጠሙትና፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጣችሁ፣ ለካሊበሩ የተሠራ ቀጥተኛ መለኪያ ዘንግ በበርሜሉ በኩል አሳልፉ። ዘንጉ በማፈኛው መውጫ ቀዳዳ መሃል መታየት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካደላ ፈታችሁ ትከሻውን እንደገና አጽዱ።

ከጽዳት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ትንሽ ጭስ ቢያሳዩ አይግረማችሁ። የቀረው የዘይት ርዝራዥ ነው።

ቆሻሻውስ?

ጥቁሩ ፈሳሽ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥም፣ ግቢ ውስጥም አይደፋም። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት፣ «እርሳስ አለበት» ብላችሁ ጻፉበት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል አስረክቡ። ጨርቁና ጓንቱም አብረው ይሄዳሉ። እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። የሥራ ልብሳችሁን ከሌላው ለይታችሁ እጠቡ።

ጠመንጃውንም አትርሱት። ማፈኛ ሲገጠም ወደ ኋላ የሚመለሰው ጋዝ ስለሚጨምር፣ በተለይ በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ከለመዳችሁት ቀድሞ ይቆሽሻል።