አሳዛኝ ሙዚቃዊ ተውኔት ለደሴ መድረክ ማዘጋጀት፦ ቅኝት፣ ብርድና ሙሾ

ቅኝቱ፣ ማለትም ዘፈኖቹ የሚዜሙባቸው ድምፆች አደራደር፣ ሳይወሰን ልምምድ አትጀምሩ። ወሎ ውስጥ የሚዘጋጅ ተውኔት የባቲንም የአምባሰልንም ቅኝት ከደጁ ያገኛል፤ ችግር የሚመጣው ሁሉንም በአንድ ምሽት በአንድ ክራር ለመጫወት ሲታሰብ ነው። መነሻው ድምፅ ሳይለወጥ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር ለመሻገር ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱ ከፍ ማለት አለባቸው። አዲስ የተወጠረ ክር ደግሞ ቶሎ አይረጋም፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ክራር ያዙ፣ አንዱ በትዝታ ሌላው በባቲ ተቃኝቶ ይቀመጥ። ሁለተኛ ከጠፋ የአንድ ቅኝት ዘፈኖችን በአንድ ገቢር ሰብስቡና ክራሩን በእረፍት ሰዓት ቃኙ።

መነሻው ድምፅ የሚመረጠው በመጨረሻው ሙሾ ነው እንጂ በመክፈቻው ዘፈን አይደለም። ሙሉ ምሽት ስትዘፍን የቆየች ተዋናይ መጨረሻ ላይ ጉሮሮዋ ይዝላል፤ በልምምድ ከደረሰችበት ከፍተኛ ድምፅ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉላት። ለዚያ የሚስማማ ዋሽንት ከዚያ በኋላ ይፈለግ። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ እንደ ክራር አይጠብቅም፣ አይላላም፤ ሌሎቹ ናቸው ለእሱ የሚቃኙት።

ብርዱን ንቃችሁ አትለፉት። በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ይላል፤ ቀዝቅዞ መድረክ የወጣ ዋሽንት በመጀመሪያው ዘፈን ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ሽቅብ የሚሄደው ለዚህ ነው። ነፊው ከመግባቱ በፊት ከጋቢው ሥር ይያዘው። ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ የከበሮና የመሲንቆ ቆዳ እርጥበት ስቦ ይላላል፣ የመሲንቆውም ጭራ ይረዝማል። ከበሮውን ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጎ እያገላበጡ ማሞቅ ይበቃል። ምድጃው ግን ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ መልበሻ ክፍል ውስጥ ከሰል ጭስ ሳይታይበት ሰው ይገድላል። የመጨረሻው መቃኘት ተመልካች ከገባ በኋላ ይሁን፣ አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ስለሚሞቅ።

ከኮምቦልቻ የሚመጡ ተወዛዋዦች ካሉ ከእስክስታ በቀጥታ ወደ ዘፈን አታስገቧቸው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መሲንቆው ብቻውን አንድ ዙር ይጫወትላቸው።

ትልቁ ፈተና የሞቱ ትዕይንት ነው። ሟቹ በጀርባው ተኝቶ የፊት መብራት ካረፈበት ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ከኋላ ወንበር ሳይቀር ይታያል፣ አንድ ሰው ከሳቀ ደግሞ ሐዘኑ አይመለስም። በጎኑ፣ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ይተኛ፤ ነጠላው እጥፍ እጥፍ ብሎ ይጣልበት፣ ተወጥሮ የተለበሰ ጨርቅ እያንዳንዱን ትንፋሽ ያሳያልና። ከበሮው ከሞቱ ቀደም ብሎ ይቁም። አምስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ በልምምድ ረጅም ይመስላል፣ ግን አታሳጥሩት። ሙሾ አውራጇ ያለ መሣሪያ ሁለት ስንኝ ታውጣ፣ ተቀባዮቹ በዝቅተኛ ድምፅ ይከተሏት፣ መሲንቆው በሦስተኛው ስንኝ ይግባ። ተቀባዮቹ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ተከፋፈሉ፤ ሁሉም እኩል ከተነፈሱ ዜማው ይቆረጣል። አውራጇም በእውነት ማልቀስ የለባትም፣ ለቅሶ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ግጥሙም አይሰማም።

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ይህን ትዕይንት ያለ ማይክራፎንና በባትሪ መብራት ብቻ አንድ ጊዜ ሙሉውን ተለማመዱት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ግጥሙን ካልሰማ ተቀባዮቹን ቀንሱ እንጂ አውራጇን አታስጮኹ።