በሐዋሳ የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ ለመገንባት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ የባዮቴክኖሎጂ፣ ማለትም ሕያዋንን ለምርት የሚጠቀም፣ ኢንዱስትሪ ለማስፋፋት የሚያስችል መነሻ አላት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በዙሪያዋ እንሰት፣ ቡና፣ ቦሎቄና አቮካዶ የሚያለማ ገበሬ አለ፣ በቅርብ ርቀትም የይርጋለም የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። ይህ መነሻ ግን ከዚህ በታች በተዘረዘሩት ስህተቶች በቀላሉ ሊባክን ይችላል።

የመጀመሪያው ከሕንፃ መጀመር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የተከተለው አካሄድ፣ ማለትም ሼድ ገንብቶ ባለሀብትን መጥራት፣ ለልብስ ስፌት የሚስማማ ነበር። ላብራቶሪ ግን ከግድግዳው ይልቅ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ መብራት፣ የተጣራ ውሃ፣ ኢንዛይም በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያቆይ ማቀዝቀዣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያመርተውን ገዝቶ የሚጠቀም ደንበኛ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የየትኛው ገበሬ የትኛው ችግር እንደሚፈታ ነው።

ለሲዳማ ገበሬ መልሱ ሩቅ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ከተገለጸ ወዲህ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ባክቴሪያው በተበከለ ቢላና በተበከለ ችግኝ ከማሳ ወደ ማሳ ይዛመታል። ከበሽታው የጸዳ ችግኝ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ በጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ፣ ማባዛት እውነተኛ ፍላጎት ያለው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ስህተት የሚፈጸመውም እዚሁ ላይ ነው። ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ በተክሉ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ እናት ተክሉ ሳይመረመር ማባዛት ከተጀመረ በሽታውን በራስ እጅ በብዛት ማሰራጨት ይሆናል። በተጨማሪም ጠርሙስ ውስጥ በእርጥበትና በተዘጋጀ ምግብ ያደገ ችግኝ በአንዴ ወደ ማሳ ቢወጣ ይደርቃል፤ በጥላ ቤት ቀስ በቀስ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር መላመድ አለበት። በጀት ሲያዝ ይህ የማላመድ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሲሆን፣ የጠርሙሱ ችግኝ ቁጥር በሪፖርት ላይ ቢያምርም ገበሬው ጓሮ የሚደርሰው ጥቂት ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ሕያው ማዳበሪያን እንደ ዩሪያ መያዝ ነው። ለቦሎቄና ለአኩሪ አተር የሚቀርበው ራይዞቢየም በከረጢት ቢታሸግም ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ በሥሩ ላይ በሚፈጠሩት እባጮች ውስጥ ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ያቀርባል። በቆርቆሮ መጋዘን ሙቀት ከሰነበተ ግን ይሞታል። ዘሩ ከእርሱ ጋር በጥላ ሥር ታሽቶ በዚያው ቀን መዘራትና አፈር መልበስ አለበት፤ ለአኩሪ አተር የተመረጠው የባክቴሪያ ዝርያም ለቦሎቄ ላይሠራ ይችላል፣ ለበቆሎ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይም ውጤቱ ደካማ ነው። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሞተ ባክቴሪያ አከፋፍሎ እባጭ ያልታየበት ማሳ በመንደሩ ከተወራ፣ የሚቀጥለው ምርት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚገዛው አይገኝም። ስለዚህ ከፋብሪካው እኩል ስለ ማቀዝቀዣው፣ በከረጢቱ ላይ ስለሚጻፈው የመጠቀሚያ ጊዜ፣ ገለልተኛ ሆኖ በየዙሩ የሕያው ሕዋሱን ብዛት ስለሚቆጥር ላብራቶሪ ማሰብ ግድ ነው።

በሰው ኃይል ረገድ የሚፈጸመው ስህተት የተመራቂ ቁጥርን ብቻ ማየት ነው። አውቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው መሣሪያ) ሲበላሽ በዚያው ሳምንት የሚጠግን ቴክኒሻን ከሌለ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው ተመራማሪዎችም ሥራ ፈት ይሆናሉ።

የመጨረሻው ሕግን ወደ ኋላ ማቆየት ነው። ቲሹ ካልቸርም ሆነ ራይዞቢየም ዘረመል መለወጥን የግድ ስለማይጠይቁ ልውጥ ሕያዋንን (ዘረመላቸው የተለወጠውን) ከሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጋር እየተደባለቁ መታየት የለባቸውም። በሌላ በኩል የጄኔቲክ ሀብትን (የአገሪቱን የዕፅዋትና የሌሎች ሕያዋን ዘረመል) የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482/1998 በቸልታ መታለፍ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ተፈርሞ፣ ኢትዮጵያ የጠበቀችውን ጥቅም ሳታገኝ ኩባንያው ከሰረ፤ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የባለቤትነት መብት ግን ቀጥሎ፣ በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። የእንሰት ዓይነቶችን በስማቸው ለይተው ያቆዩት የሲዳማ እናቶችና አባቶች ስለሆኑ፣ ናሙናው ከክልሉ ከመውጣቱ በፊት የእነርሱ ድርሻ በውሉ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል።